ነፋስን ቀድሞ የተናገረው አድሚራል

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦክቶበር 25 ቀን 1859 ማታ «ሮያል ቻርተር» የተባለች የብረት መርከብ በዌልስ ሰሜናዊ ጠረፍ፣ አንግልሲ ደሴት አጠገብ ደርሳ ነበር። ከአውስትራሊያዋ ሜልቦርን ከተነሳች ሁለት ወር ሆኗታል። የቀራት አጭር መንገድ ነው፤ ያንን ከጨረሰች ሊቨርፑል ወደብ ትገባለች። ከተሳፋሪዎቿ ብዙዎቹ በአውስትራሊያ ወርቅ ቆፍረው ያገኙ፣ ያገኙትንም ይዘው ወደ አገራቸው የሚመለሱ ሰዎች ነበሩ። ሚስትና ልጆቻቸውን ያስከተሉም ነበሩባት።

ሌሊቱን ነፋሱ ዞረ። ከምሥራቅ ሲነፍስ የቆየው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተለወጠና እየበረታ ሄደ። ካፒቴኑ መልሕቅ ጣለ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የመልሕቆቹ ሰንሰለቶች ተራ በተራ ተበጠሱ። ነፋሱ መርከቧን እንደ ገለባ ገፍቶ ሞይልፍሬ በተባለች መንደር አጠገብ ካለው ዐለት ጋር አላተማት። ከማልታ የመጣ አንድ መርከበኛ ገመድ ይዞ ማዕበሉን ዋኝቶ ምድር በመድረሱ አርባ ገደማ ሰዎች ተረፉ። 450 ያህሉ አለቁ። ከሴቶችና ከሕፃናት አንድም የተረፈ አልነበረም። ያለቁትም የባሕሩን ዳርቻ በዓይን እያዩት ነው።

ነፋሱ በዚያች ሌሊት ከምዕራብ ወይም ከደቡብ ምዕራብ ቢነፍስ ኖሮ የአንግልሲ ደሴት ራሷ ለመርከቧ መከታ ትሆናት ነበር። ሰዎቹን የፈጃቸው የነፋሱ ጉልበት ብቻ አይደለም፤ አቅጣጫውም ጭምር ነው። ያው ማዕበል በብሪታንያ ጠረፎች ዙሪያ 133 መርከቦችን ሰባብሮ በጠቅላላው 800 ያህል ሰው ገደለ።

የሚያስቆጨው ግን ሌላ ነው። ያ ማዕበል ከሰማይ ድንገት ዱብ ያለ አልነበረም። ሊቨርፑል አካባቢ ከመድረሱ በፊት የእንግሊዝን ደቡባዊ ጠረፍ መትቶ ነበር። ከዚያ ነው ወደ ሰሜን የተጓዘው። በዚያ ዘመን ደግሞ የቴሌግራፍ ሽቦ ከደቡብ እስከ ሰሜን ተዘርግቷል። ሽቦው ከነፋሱ ይፈጥናል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ነፋሱ ወደ እናንተ እየመጣ ነውና ከወደብ አትውጡ» ብሎ መልእክት የመላክ ሥራ የተሰጠው ሰው።

◾ ፓርላማውን ያሳቀው ሐሳብ

ከአምስት ዓመት በፊት፣ በ1854፣ በብሪታንያ ፓርላማ አንድ የምክር ቤት አባል ተነሥቶ የአየር ሁኔታ መረጃ በየቦታው ቢሰበሰብ የለንደንን አየር ከ24 ሰዓት በፊት ማወቅ ይቻል ይሆናል ብሎ ተናገረ። ምክር ቤቱ ሳቀ። ሳቁ በቃለ ጉባኤው ላይ ሳይቀር ሰፍሯል።

በዚያው ዓመት መንግሥት የባሕር ላይ የአየር መረጃ የሚሰበስብ አንድ ትንሽ ቢሮ ከፈተ። ኃላፊ ሆኖ የተሾመው ሮበርት ፊትዝሮይ ነው። ይህ ሰው በታሪክ ይበልጥ የሚታወቀው ከ1831 እስከ 1836 ቻርለስ ዳርዊንን ይዞ ዓለምን የዞረችው «ቢግል» መርከብ ካፒቴን በመሆኑ ነው። በኋላም የኒው ዚላንድ ገዥ ሆኗል። የአዲሱ ቢሮው ሥራ ትንበያ አልነበረም። ከመርከቦች የሚመጣውን የነፋስና የአየር መዝገብ ሰብስቦ ማደራጀት ብቻ ነበር።

ፊትዝሮይ ግን ነፋስን በመዝገብ ብቻ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በ1829 መጀመሪያ፣ ገና በሃያ ሦስት ዓመቱ የቢግል አዛዥ እንደሆነ፣ ከኡራጓይ ጠረፍ ላይ ሳለ ከሜዳው ድንገት የሚነሣው «ፓምፔሮ» የተባለ ነፋስ መርከቡን ሊገለብጣት ደርሶ ነበር። ሁለት መርከበኞች ሞቱበት። ባሮሜትሩ አስቀድሞ ወርዶ ነበር፤ ምልክቱን ችላ ያለው እሱ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ባሮሜትርን ችላ ብሎ አያውቅም።

መርከበኞች ስለ ነፋስ የሚነጋገሩበት የጋራ ቋንቋ እንኳ ያኔ ገና አዲስ ነበር። አንዱ «ብርቱ ነፋስ» የሚለውን ሌላው «መለስተኛ» ሊለው ይችላል። ፍራንሲስ ቦፎርት የተባለ የባሕር ኃይል መኮንን በ1800ዎቹ መጀመሪያ ነፋስን ከ0 እስከ 12 የሚለካ ደረጃ አወጣ። መለኪያው መሣሪያ አልነበረም፤ መርከቧ በዚያ ነፋስ ስንት ሸራ መዘርጋት ትችላለች የሚለው ነበር። ይህ ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ በይፋ የተሠራበት በፊትዝሮይ የቢግል ጉዞ ላይ ነው። በጥቁርና በነጭ ሲጻፍ «ነፋስ 8» ማለት ለሁሉም አንድ ነገር ሆነ።

◾ የጦርነቱ ማዕበል

ኖቬምበር 14 ቀን 1854፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ደጃዝማች ካሣ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ሊጭኑ ሦስት ወር ገደማ ሲቀራቸው፣ በጥቁር ባሕር ላይ የክሪሚያ ጦርነት ይካሄድ ነበር። በዚያ ቀን የተነሣው አውሎ ነፋስ በባላክላቫ ወደብ አካባቢ የነበሩትን የእንግሊዝና የፈረንሳይ መርከቦች አወደመ። ለክረምቱ የመጣው የወታደሩ ሙቅ ልብስም ባሕር ውስጥ ሰጠመ።

የፈረንሳይ መንግሥት ጉዳዩን እንዲመረምር የሥነ ፈለክ ሊቁን ኧርባን ለቬሪዬን አዘዘ። ለቬሪዬ ከመላው አውሮፓ የዚያን ሰሞን የአየር መዝገብ ለቃቅሞ በካርታ ላይ ሲያሰፍረው ማዕበሉ አውሮፓን አቋርጦ ወደ ጥቁር ባሕር እንደ ተጓዘ ታየ። ማዕበል መንገደኛ ነው ማለት ነው። መንገደኛ ከሆነ ደግሞ ከፊቱ ወሬውን መላክ ይቻላል።

በ1857 የኔዘርላንዱ ሳይንቲስት ባይስ ባሎት አንድ ቀላል ሕግ አወጣ። በሰሜኑ የምድር ክፍል ጀርባህን ለነፋሱ ሰጥተህ ብትቆም ዝቅተኛው የአየር ግፊት በግራ እጅህ በኩል ነው። ነፋስ ከከፍተኛ ግፊት ወደ ዝቅተኛ ግፊት ለመሄድ ይነሣል፤ ምድር ስለምትሽከረከር ግን መንገዱ ይጣመማል። መሬት አጠገብ ሲደርስ ደግሞ ተራራው፣ ዛፉና ቤቱ ይጎትቱታል፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ አቅጣጫውም እንደገና ይለወጣል። ስለዚህ የግፊቱን ካርታ የያዘ ሰው የነፋሱን አቅጣጫና ጉልበት በግምት ሊያነብ ይችላል። ሰው የሚኖርበትን የመሬት ገጽ ነፋስ መተንበይ ከሰማዩ ነፋስ የሚከብደው ግን በዚሁ ጉተታ ምክንያት ነው።

◾ ሾጣጣውና ከበሮው

ከሮያል ቻርተር እልቂት በኋላ የሚስቅ ሰው ጠፋ። ፊትዝሮይ የማዕበሉን ጉዞ በካርታ አሳይቶ ሞቱን መቀነስ ይቻል እንደነበረ ተከራከረ። ተፈቀደለት። 15 ያህል ጣቢያዎች በየማለዳው የባሮሜትሩን ቁጥር፣ የሙቀቱን መጠን፣ የነፋሱን ጉልበትና አቅጣጫ በቴሌግራፍ ወደ ለንደን ይልኩ ጀመር።

በፌብሩዋሪ 1861 የማዕበል ማስጠንቀቂያው ሥራ ጀመረ። ከለንደን ቴሌግራም ሲደርስ የወደቡ ሰው ምሰሶ ላይ ከሸራ የተሠራ ትልቅ ጥቁር ምልክት ይሰቅላል። ጫፉ ወደ ላይ ያለ ሾጣጣ ከሆነ ብርቱ ነፋስ ከሰሜን ይጠበቃል። ጫፉ ወደ ታች ከሆነ ከደቡብ። ከበሮ የሚመስለው ከተሰቀለ ነፋሱ ከተለያየ አቅጣጫ እየዞረ ይመታል ማለት ነው። ሌሊት ሲሆን በፋኖስ ይተካል። ማንበብ የማይችል ዓሣ አጥማጅ ሳይቀር ቀና ብሎ አይቶ የሚረዳው ቋንቋ ነበር። ፊትዝሮይ ለድሃ የዓሣ አጥማጆች መንደሮች ርካሽና ጠንካራ ባሮሜትር አሠርቶ እንዲሰጥም አድርጓል።

ኦገስት 1 ቀን 1861 «ታይምስ» ጋዜጣ ለሕዝብ የመጀመሪያውን የየዕለት የአየር ትንበያ አወጣ። ጥቂት መስመር ብቻ ናት። በሰሜን፣ በምዕራብና በደቡብ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስና ምን ያህል እንደሚበረታ ትናገራለች፤ ሰማዩ ጥሩ ይሆናል ትላለች። ዛሬ የአየር ትንበያ ሲባል ሰው ቀድሞ የሚያስበው ዝናብን ነው። የትንበያ ታሪክ የተጀመረው ግን በነፋስ ነው።

ለሥራው የሚስማማውን የእንግሊዝኛ ቃል የመረጠው ራሱ ፊትዝሮይ ነው። ነቢይ እንዳይባል ይጠነቀቅ ነበር። የሚያወጣው ከመለኪያና ከስሌት የመጣ አስተያየት እንጂ ከላይ የተገለጠለት ነገር እንዳልሆነ ደጋግሞ ጽፏል። በአማርኛ «ትንበያ» እና «ትንቢት» ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። ፊትዝሮይ እነዚህን ሁለቱን ለማለያየት ዕድሜውን ጨረሰ። ሕዝቡ ግን ሁለቱን አንድ አድርጎ ነው የያዘው። ትንቢት ነው ብሎ ከያዘ ደግሞ አንዴ ሲስት ነቢዩ ሐሰተኛ ነው።

◾ ያልሰጠመን መርከብ ማን ይቆጥራል?

ትንበያው ሳተ። አንዳንዴ ሾጣጣው ተሰቅሎ ነፋሱ ሳይመጣ ቀረ። አንዳንዴ ነፋሱ መጣ፣ ሾጣጣው አልተሰቀለም። 15 ጣቢያ ለአንድ ሙሉ አገር ጥቂት ነው፤ ማዕበሉ የሚመጣበት የምዕራቡ ውቅያኖስ ደግሞ ምንም ጣቢያ የለውም። ጋዜጦች ተሳለቁ፤ ትንበያውን የሚያትመው «ታይምስ» ራሱ ሳይቀር። ሳይንቲስቶች በበኩላቸው ሌላ ክስ አቀረቡ፦ ጽንሰ ሐሳቡ ሳይጸና እንዴት ለሕዝብ ይነገራል?

የማስጠንቀቂያ ሥራ ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ማስጠንቀቂያው ስቶ መርከቦች በከንቱ ወደብ ከዋሉ ኪሳራው በብር ይቆጠራል፤ ባለቤቱም ይጮኻል። ማስጠንቀቂያው ሠርቶ መርከበኛው ከወደብ ሳይወጣ ቢቀር ግን ምንም ነገር አይሆንም። ያልሰጠመ መርከብ ዜና አይሆንም። ያልሞተ አባት ማታ ቤቱ ገብቶ እራቱን ይበላል እንጂ «የትንበያው ቢሮ አዳነኝ» ብሎ ለጋዜጣ አይጽፍም። ስሕተቱ ይመዘገባል፣ ውለታው አይመዘገብም።

ፊትዝሮይ ለመንግሥት ሥራ የራሱን ገንዘብ ሲያወጣ የኖረ ሰው ነው። በዕድሜው መጨረሻ ሀብቱ አልቆ፣ ጤናው ታውኮ፣ ከቆየ የመንፈስ ጭንቀት ጋር ይታገል ነበር። ኤፕሪል 30 ቀን 1865 በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። የአንድን ሰው ሞት በአንድ ምክንያት ማሳበብ ትክክል አይሆንም፤ ትችቱ ብቻውን ገደለው ማለት አይቻልም። ሲሞት ግን ቤተሰቡ ዕዳ ላይ ነበር፤ ወዳጆቹ ገንዘብ አዋጥተው ደረሱላቸው።

በሚቀጥለው ዓመት ፍራንሲስ ጋልተን የመራው ኮሚቴ የቢሮውን ሥራ መርምሮ ትንበያው በጸና ሳይንሳዊ መሠረት ላይ አልቆመም አለ። የየዕለቱ ትንበያ ተቋረጠ። በዲሴምበር 1866 የማዕበል ማስጠንቀቂያውም ቆመ። ሾጣጣዎቹ ከምሰሶዎቹ ወረዱ።

ያን ጊዜ የማይጠበቀው ሆነ። እስከዚያ ድምፃቸው ያልተሰማው የባሕር ሰዎች ተነሡ። ከየወደቡ አቤቱታ ጎረፈ። ሊቃውንቱ «ሁልጊዜ ትክክል አይደለም» ብለው የጣሉትን፣ ባሕር ላይ የሚውሉት «ሁልጊዜ ትክክል ባይሆንም ከምንም ይሻላል» ብለው ጠየቁት። ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ማስጠንቀቂያው ተመለሰ። ለሕዝብ የሚወጣው ትንበያ ግን እስከ 1879 ድረስ ቆየ።

ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው። ጋልተንና ጓደኞቹ ማስረጃ መጠየቃቸው ስሕተት አልነበረም። ስሕተታቸው ጎዶሎን ትንበያ ያመዛዘኑት ከፍጹም ትንበያ ጋር መሆኑ ነው። ዓሣ አጥማጁ ግን ያመዛዘነው ከዝምታ ጋር ነበር።

◾ ከእርሳስ እስከ ኮምፒውተር

የሳይንቲስቶቹን ጥያቄ ለመመለስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ወሰደ። በ1904 ኖርዌያዊው ቪልሄልም ብየርክነስ የአየርን እንቅስቃሴ የሚገዙት የፊዚክስ ሕጎች ስለሚታወቁ የዛሬውን ሁኔታ በትክክል የለካ ሰው የነገውን ማስላት ይችላል አለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዛዊው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን በፈረንሳይ የቁስለኛ አምቡላንስ እየነዳ በትርፍ ሰዓቱ ስሌቱን በእጁ ሠራው። የመረጠው ያለፈ ቀን ነው፤ ሜይ 20 ቀን 1910። ስሌቱ በስድስት ሰዓት ውስጥ ግፊቱ በ145 ሚሊባር ይለወጣል አለው። በዚያ ቀን ግፊቱ ከቦታው የተነቃነቀ አይመስልም ነበር።

ሪቻርድሰን ውጤቱን አልደበቀም። በ1922 ባሳተመው መጽሐፍ ስሕተቱን እንዳለ አወጣው። የኋላ ሊቃውንት ሲመረምሩት ዘዴው ትክክል፣ ችግሩ የመነሻ ቁጥሮቹ አለመጣጣም ሆኖ ተገኘ። በ1950 በአሜሪካ «ኤኒያክ» የተባለው ኮምፒውተር የመጀመሪያዎቹን በማሽን የተሰሉ ትንበያዎች አወጣ። የዛሬው የነፋስ ትንበያ የዚያ ልጅ ነው። ስሌቱ የሚነጻጸረውም በዓለም ዙሪያ ከመሬት 10 ሜትር ከፍታ ላይ በተተከሉ መለኪያዎች ነው።

ኦክቶበር 1987 ግን ነፋሱ እንደገና አስታወሰ። ከ15 ለ16 አጥቢያ የደቡብ እንግሊዝን የመታው ማዕበል በብሪታንያ 18 ሰው ገደለ፤ 15 ሚሊዮን ያህል ዛፍ ጣለ። ከቀናት በፊት ትንበያው ብርቱ አየር እንደሚመጣ ፍንጭ ሰጥቶ ነበር። ሰዓቱ ሲቃረብ ግን ስሌቱ የማዕበሉን መንገድ ወደ ደቡብ ገፋው። የዋዜማው ማታ ትንበያ ከነፋሱ ይልቅ ስለ ዝናቡ አወራ። ጋዜጦች እንደገና ዘመቱ። አጣሪ ኮሚቴ እንደገና ተቋቋመ።

ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በ1866 የስሕተቱ መልስ «ዝም በሉ» ነበር። በ1987 መልሱ ተጨማሪ መለኪያ፣ የተሻለ ኮምፒውተርና የተሻለ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ሆነ። ሙያው ሊያድግ የቻለው ስሕተቱን በአደባባይ ማየትና መቁጠር ስለተፈቀደለት ነው።

◾ ነፋሱ የሚያልፍበት አገር

ባሕር የሌለው አገር ይህ ታሪክ አይመለከተኝም ሊል አይችልም። በ2019 እና በ2020 የበረሃ አንበጣ ኢትዮጵያን ሲወር መንገዱን የመራው ነፋስ ነው። የአንበጣ መንጋ ከነፋሱ ጋር በአንድ ቀን 150 ኪሎ ሜትር ድረስ ይጓዛል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሸፈነ መንጋ በቀን 35,000 ሰው የሚበላውን ያህል ይበላል። መንጋው ነገ የትኛው ወረዳ እንደሚያርፍ ለመገመት ባለሙያዎቹ የሚያዩት የነፋሱን ፍጥነትና አቅጣጫ ነው። ማሽላው ለአጨዳ የደረሰ ገበሬ «ነፋሱ ወደ እናንተ ነው» የሚል ወሬ አንድ ቀን ቀድሞ መስማቱና አለመስማቱ የሞይልፍሬውን ሌሊት ይመስላል።

ሌላው የመብራቱ ነገር ነው። በመቀሌ አቅራቢያ ያለው የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫ 120 ሜጋዋት፣ አዳማ ሁለት ደግሞ 153 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ነፋስ የሚሸከመው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በእኩል አያድግም፤ በፍጥነቱ ሦስተኛ ብዜት ነው የሚያድገው። ፍጥነቱ 10 በመቶ ሲጨምር ኃይሉ 33 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ በፍጥነት ትንበያ ላይ ያለ ትንሽ ስሕተት በመብራቱ ላይ ትልቅ ሆኖ ይታያል። የግድቡን ውኃ መቼ መቆጠብ፣ መቼ መልቀቅ እንደሚገባ ለሚወስነው ሰው የነገው ነፋስ የዛሬ ጥያቄ ነው።

የአውድማው ገበሬም ይህን ያውቃል። ውቂያው አልቆ እህሉን ከገለባው ለመለየት ነፋስ ይጠብቃል። ከየት እንደሚነፍስ ሳያይ መንሹን አያነሣም፤ ገለባው ተመልሶ ፍሬው ላይ እንዲወድቅበት አይፈልግምና።

በ2002 ብሪታንያ ለመርከበኞች በሬዲዮ በሚነበበው ትንበያ ውስጥ ያለ አንድ የባሕር ክልል ስሙን ለወጠች። ቀድሞ ፊኒስቴር ይባል ነበር፤ አሁን «ፊትዝሮይ» ይባላል። በየቀኑ አንባቢው ስሙን ጠርቶ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስና በቦፎርት ደረጃ ስንት እንደሆነ ይናገራል። ሲሞት ለቤተሰቡ ዕዳ የተወው አድሚራል ዛሬ በስሙ ነፋስ ይነገርበታል።

አገር ከዚህ የሚማረው አንድ ጥያቄ ነው። አስጠንቃቂው ሲሳሳት ምን ይደረግ? «ሳትክ» ብሎ ምሰሶውን ማውረድ ቀላል ነው። ምሰሶው ባዶ ሲሆን የሚሳቅበት ሰው አይኖርም፤ የሚሳሳትም አይኖርም። ነፋሱ ግን ይመጣል።